ያልኖርኩት ረቡዕ

የልጅ ሱሪ ላሳጥር ከሄድኩበት ቤት
ጠረጴዛው ጥግ ላይ ሉል አየሁ ድንገት።
ሜትሬን ከአንገቴ ላይ አወረድኩና
አንዱን ጫፍ ኦክላንድ ላይ በአውራ ጣቴ ያዝኩና
ሌላውን ሳብኩት፣ በውቅያኖሱ ላይ፣
ደሴት ሳይነካ፣ መርከብ ሳያይ፣
ወደ በረዶው አገር ጎብጦ ወርዶ
ሳንቲያጎ ገባ፣ ተራራው ሥር ሄዶ።
ሃያ ሦስት ሳንቲም።
ከሁለት ዓመት ሕፃን እጅጌ አይበልጥም።

“ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር”
አለች ቲኬት ቆራጯ፣ ጥፍሯን እያየች፣
“በአየር አሥራ አንድ ሰዓት፤ ነፋስ ካገዘ ያንሳል” አለች።
“እሑድ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ተኩል ይነሣሉ፣
እሑድ ከቀኑ ሰባት ተኩል እዚያ ይደርሳሉ።”
“ተሳስተሻል” አልኳት።
“አልተሳሳትኩም። ሳይነሡ ነው የሚደርሱት።”

እኔ ጨርቅ እለካለሁ።
ወንድሜ ኒካኖር ሰዓት ይጠግናል፣
ከጫማ ሰፊና ከፋርማሲ መሃል፣
በር ብቻ በምታህል ሱቅ።
ሃያ ስድስት ዓመት ስልክ ባነሣ ቁጥር ሰላምታው አንድ ነው፦
“ኤዱቪሂስ፣ አንቺ ነገ ላይ ነሽ።
እስቲ ንገሪኝ፣ ነገ ምን ይመስላል?”
መጋረጃ እገልጣለሁ። “ይዘንባል።”
አንዳንዴም፣ “የጎረቤት ድመት አጥሩ ላይ ተኝታለች።”
“ነገ ድመት ካላት ደኅና ናት” ይላል፣ “በቃ፣ ልተኛ።”

በመስኮቱ ውሃ፣
ከዚያ ጨለማ፣ ከዚያ ደግሞ ውሃ።
አጠገቤ ታማቲ የሚባል በግ ሸላች፣
መዳፉ በሱፍ ቅባት የለሰለሰ፣
“ይህን እሑድ ሁለቴ ልኖረው ነው” አለኝ፣
“የሚከፍሉኝ ግን የአንዱን ነው።”

ኒካኖር በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።
“ራስሽን በአምስት ሰዓት ቀደምሻት” አለኝ።
ሐምሌ ነው፣ ብርድ ነው፣ ኮቱ ሰፍቶበታል፤
ዓይኔ ሜትር ነውና
ከትከሻው አራት ጣት ጎድሏል።
“ምግብ ቀንሼ ነው።”
ልብስ ሰፊ ፊት እንዲህ ያለ ውሸት አይባልም፤
ግን ዝም አልኩ።
ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። ኮቱን አጠበብኩለት።

የመመለሻዬን ቀን የቆረጠው እርሱ ነው።
“ማክሰኞ ሌሊት ሂጂ፣ ርካሽ ነው።”
የእጅ ሰዓቱን ፈቶ እጄ ላይ አሰረልኝ፦
“እስክነግርሽ እንዳታዞሪው።”

አውሮፕላኑ ማክሰኞ ማታ ተነሥቶ
ሐሙስ ሳይነጋ ይገባል፣ ረቡዕን ረስቶ።
የት ገባ ብሎ የጠየቀ የለም።
ፀሐይ አልወጣበትም፣ ዶሮ አልጮኸበትም፣
አንድ ረጅም ሌሊት ብቻ፣ አሥራ ሦስት ሰዓት፣
ነፋሱ ፊት ለፊት።
ብል እንደበላው ጨርቅ
የቀን መቁጠሪያው መሃሉ ተቀዶ፣
እኔም በቀዳዳው አለፍኩ፣
እንደ ክር፣ ምንም ሳልሰፋ።

ኦክላንድ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት።
ሻንጣ እየጠበቅኩ ስልኬን ከፈትኩት።
ኢሶሊና ናት፣ የወንድሜ ልጅ፦
“አክስቴ፣ አትደንግጪ። አባባን ዛሬ ጠዋት
ለልብ ቀዶ ጥገና አስገቡት። ገና አልወጣም።
እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነው።
‘ረቡዕ ይሁንልኝ’ አለው ሐኪሙን፣
‘እኅቴ ረቡዕ የላትም።’”

እጄን አየሁ። ሰዓቱ እኩለ ቀን ላይ ነው።
ለካ የሰጠኝ ሰዓት አይደለም፤
የደበቀኝን ቀን ነው አንጓዬ ላይ ያሰረው፣
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።
ሃያ ሦስት ሳንቲም ያልኩ እኔ!
ሜትሬን ከቦርሳዬ አወጣሁ፣
ጠቀለልኩት፣ ፈታሁት፣ ጠቀለልኩት።
የጽዳት ሠራተኛው ዙሪያዬን ወለወለ፣
“እግርዎን ያንሡ” ሳይለኝ።

ሰዓቱ ስምንት ሲል ስልኩ ጮኸ።
“ነቅቷል፣ አክስቴ። ድምፁ አይሰማም፣
ጆሮዬን አፉ ላይ አድርጌ ነው።
ነገ ምን ይመስላል ይላል።”

ወደ መስታወቱ ሄድኩ።
ድመት የለም። ዝናብም የለም።
“ገና አልነጋም በይው፤
ግን ታክሲዎቹ ተሰልፈዋል።”